ቦታ ለወጣቶች!

ፒካሶን ሁሉም ያውቀዋል። ስዕል የማይወድ ሰው፣ በጋለሪ በር አልፎ የማያውቅ ሰው እንኳ ልጁ ግድግዳ ላይ ሲሞነጫጭር ካየ «ፒካሶ ሆንክብኝ እንዴ?» ይላል። የፒካሶን ስዕል ፓሪስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሸጠችው ሴት ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የሚመልስላችሁ አታገኙም።

ስሟ ቤርት ቬይ ይባላል። አጭር ናት፤ ወፍራም መነጽር ታደርጋለች፤ አፏም አይመለስም። ሞንማርት ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ጀምራ ለአርባ ዓመት ገደማ፣ አራት ቦታ እየቀያየረች፣ ማንም የማያውቃቸውን ወጣት ሠዓሊዎች ሥራ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለች። ከሰቀለችላቸው መካከል ማቲስ አለ፣ ሞዲሊያኒ አለ፣ ዲዬጎ ሪቬራ አለ። በመጨረሻ ደግሞ እርጅናዋን የምትገፋበት ገንዘብ አጥታ ሠዓሊዎቹ ተሰብስበው አዋጡላት።

ይህን ታሪክ ባንክ ለሚሠራ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነገርኩት። ማኪያቶውን እያማሰለ፣ ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማኝና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «እሺ፣ እና ምን አተረፈች?»

ጥያቄው ተራ ጥያቄ ነው። ባንክ የሚሠራ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል? እኔ ግን ይኸው ሁለት ሳምንቴ፣ መልስ አጥቼለት እሱኑ አመነዥካለሁ። ለምን እንዲህ እንደከነከነኝ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ስለ ሱቋ። (የፓሪስ ታሪክ ስለሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ላላገባች ሴት የተቀመጠ ገንዘብ

ቤርት ቬይ የተወለደችው በ1865 ፓሪስ ውስጥ፣ ልጅ ከበዛበትና ገንዘብ ካጠረው የአይሁድ ቤተሰብ ነው። በልጅነቷ ሳልቫቶር ማየር የሚባል የቆዩ ሕትመቶችና ጥንታዊ ዕቃዎች ነጋዴ ዘንድ ገብታ ሙያውን ተማረች። ወረቀት በጣቷ ዳብሳ ዕድሜውን መገመት፣ ዋናውን ከቅጂው መለየት፣ ገዢ ሲገባ ኪሱን በዓይን መለካት የለመደችው እዚያ ነው። ማየር ሲሞት ከወንድሟ ጋር ቪክቶር ማሴ ጎዳና፣ ቁጥር 25 ላይ የራሷን የአንቲክ ሱቅ ከፈተች።

በ1900 አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስፔናዊ ልጅ ፓሪስ ይገባል። ፈረንሳይኛ አይችልም፤ ከአገሩ ሰዎች በቀር የሚያውቀውም የለም። ፔሬ ማኛክ የሚባል ካታላናዊ ደላላ የልጁን ሥራዎች አስይዞ ወደ ቤርት ሱቅ አመጣ። እሷም ሦስት የበሬ ፍልሚያ ስዕሎች በመቶ ፍራንክ ገዛች። ሦስቱንም መልሳ በመቶ ሃምሳ ፍራንክ ሸጠች። ልጁ ፒካሶ ነው።

ብዙም ሳይቆይ «ለ ሙላን ደ ላ ጋሌት» የሚባለውን፣ የጭፈራ ቤት ሌሊት የሚያሳየውን ትልቅ የዘይት ቀለም ስዕሉን ለአንድ የቱሉዝ ጋዜጣ ባለቤት በ250 ፍራንክ ሸጠችለት። ያ ስዕል ዛሬ ኒውዮርክ፣ ጉገንሃይም ሙዚየም ውስጥ ነው። ዋጋው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ ለሽያጭ አይደለማ።

በዚያ ሽያጭ የበላችው ትርፍ አላሰከራትም። ግን አንድ ነገር ገባት። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሞልቷል፤ ገና ቀለሙ ያልደረቀ የልጅ ሥራ የሚሸጥ ግን የለም። ብታገባ ይዛው የምትሄደውን፣ ቤተሰቧ ለትዳሯ ያስቀመጠላትን ገንዘብ አውጥታ ሱቁ ላይ አዋለችው። ዲሴምበር 1 ቀን 1901 ያው ቪክቶር ማሴ ጎዳና ላይ ያው በር በአዲስ ስም ተከፈተ፤ «ጋለሪ ቤ. ቬይ»። ሙሉ ስሟን አልጻፈችም። ከ«ቤ» ጀርባ ሴት ትኑር ወንድ ይኑር መንገደኛ አያውቅም። በዚያ ዘመን በፓሪስ የስዕል ንግድ ውስጥ ሴት ሆኖ መገኘት ለብቻ እንደመቆም ያህል ነበር። በቢዝነስ ካርዷ ላይ ያሳተመችው መፈክር ደግሞ አጭር ነው፤ ቦታ ለወጣቶች!

አላገባችም። ሱቋን አገባች ብል ግን ከእኛ አገር የሰርግ ዘፈን ጋር እንዳይምታታብኝ እፈራለሁ፤ ስለዚህ ይቅር።

ልብስ ማስጫው ላይ

ስለዚያ ሱቅ ከሚነገሩት ሁሉ እኔ የወደድኩት ይህን ነው። አንዳንድ ጊዜ ሠዓሊዎቹ ሥራቸውን የሚያመጡት ቀለሙ ሳይደርቅ ነበር። ሱቋ ጠባብ ናት፤ መደርደሪያ የለም፤ ግድግዳው ሞልቷል። ቤርት ገመድ ከዳር እስከ ዳር ወጥራ፣ ወረቀቶቹን እንደታጠበ ልብስ በመቆንጠጫ ትሰቅላቸዋለች። እስቲ ይታያችሁ! ዛሬ በጥይት መከላከያ መስታወት የሚሸፈኑ፣ ዘበኛ አጠገባቸው የሚቆም ስዕሎች የዚያን ጊዜ እንደ ካልሲ ተሰጥተው ነበር።

በ1902 መጀመሪያ ላይ ማቲስን ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር አሳየች። ማቲስ ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የልጆች አባት ነው፤ ገንዘብ የለውም። በዚያው ዓመት አንድ ሥራውን ሸጠችለት። በነጋዴ እጅ የተሸጠለት የመጀመሪያ ሥራው እሱ ነበር። በ1905 የፓሪስ ጋዜጦች ማቲስንና ጓደኞቹን በቀለማቸው ድፍረት ምክንያት «አራዊት» ብለው ሰየሟቸው። ስሙ ተጣበቀባቸውና የእንቅስቃሴ ስም ሆነ። ጋዜጦቹ ስም ሳያወጡላቸው በፊት ግን ማቲስን፣ ማርኬን፣ ዱፊን፣ ካሙዋንን ቤርት ግድግዳ ላይ ማየት ይቻል ነበር። ራውል ዱፊ በቤተሰብ ስሟ እየተጫወተ «ላ ሜርቬይ» ይላታል። «እማማ ቬይ» እንደማለት ነው፤ በፈረንሳይኛ ሲነገር ግን «ድንቋ» ተብሎም ይሰማል።

ሴቶቹን ደግሞ አትርሱብኝ። ኤሚሊ ሻርሚ፣ ሱዛን ቫላዶን፣ ማሪ ሎራንሳን፣ ዣክሊን ማርቫል። ከቤርት ጋለሪ በፊት የእነዚህን ሴቶች ሥራ «የሴት ጉዳይ» ብሎ ለብቻ ጥግ ከማስያዝ ይልቅ ከወንዶቹ ጎን እኩል የሰቀለ ነጋዴ ማግኘት ከባድ ነው። እሷ ንግግር አላደረገችበትም፤ ማኒፌስቶ አላወጣችበትም። ሰቀለቻቸው፤ በቃ። ከሻርሚ ጋር የዕድሜ ልክ ጓደኛሞች ሆኑ። ሻርሚ የሣለቻት ምስል አለ፤ እጅግም አላሳመረቻትም። ጓደኛ ስትሆን እንዲያ ነው።

የእህል ነጋዴና የእማማ ቬይ ልዩነት

እዚህ ላይ የባንኩን ጓደኛዬን ጥያቄ በቁም ነገር እንውሰደው። እነዚያን ሁሉ ሰዎች መጀመሪያ ያገኘች ሴት እንዴት ሀብታም ሳትሆን ቀረች?

መልሱን ለማግኘት ፓሪስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ እህል በረንዳ ይበቃል። ገበሬው አዝመራ ሰብስቦ ጥር ላይ ይሸጣል። ዕዳ አለበት፣ ልጅ አለው፣ ማስቀመጫ የለውም። ነጋዴው በርካሹ ገዝቶ መጋዘን ያስገባና ሐምሌን ይጠብቃል። ሐምሌ ላይ ዋጋው ይወጣል። ሁለቱም ያው ጤፍ ነው የሸጡት። ልዩነቱ መጠበቅ የቻለና ያልቻለ መሆናቸው ነው።

ስዕልም እንዲሁ ነው። አምብሯዝ ቮላር የተባለው ትልቅ ነጋዴ በ1906 ከፒካሶ ሃያ ገደማ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ፣ በ2,000 ፍራንክ ጠቅልሎ ገዛ። ዳንየል ሄንሪ ካንዋይለር በ1907 ጋለሪ ሲከፍት ከባንክ ቤተሰብ የመጣ መነሻ ገንዘብ ነበረው። በ1912 መጨረሻ ከፒካሶ ጋር ውል ተፈራረመ፤ የሠራኸውን ሁሉ እኔ ብቻ እገዛሃለሁ የሚል። ማቲስም በ1909 ከትልቁ የበርንሃይም-ዠን ጋለሪ ጋር ተዋዋለ። እነዚህ ሰዎች የሚገዙት ስዕል አልነበረም፤ ጊዜ ነበር።

ቤርት ጊዜ የምትገዛበት ገንዘብ የላትም። ዛሬ የገዛችውን ነገ ካልሸጠች የቤት ኪራይ አትከፍልም። ስለዚህ በመቶ ገዝታ በመቶ ሃምሳ ትሸጣለች፤ ሃምሳዋን ለሚቀጥለው ልጅ ቀለም መግዣ ትሰጣለች። በውል የምታስረው ሠዓሊ አልነበራትም። ልጁ ስሙ ሲጠራ፣ መጋዘን ያለው ነጋዴ መጥቶ ይወስደዋል። እሷም ገመዷ ላይ ሌላ ትሰቅላለች።

ከደንበኞቿ መካከል አንድሬ ለቬል የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው በ1904 ጓደኞቹን ሰብስቦ እንደ እቁብ ያለ ነገር መሠረተ። በየዓመቱ 250 ፍራንክ እያዋጡ የወጣት ሠዓሊዎችን ሥራ ይገዛሉ፤ በየቤታቸው ይሰቅላሉ፤ አሥር ዓመት ሲሞላ ይሸጣሉ። ስሙን «የድቡ ቆዳ» አሉት፤ ድቡን ሳይገድሉ ቆዳውን ስለ መሸጥ ከሚናገር ተረት የወሰዱት ነው። ማርች 2 ቀን 1914 ጨረታው ተካሄደ። በ1908 በ1,000 ፍራንክ የገዙት የፒካሶ ትልቅ ስዕል ከ12,000 ፍራንክ በላይ ወጣ። ደግሞም የሚመሰገኑ ሰዎች ናቸው፤ ከትርፉ ሃያ በመቶውን ለሠዓሊዎቹ አካፈሉ።

ለሠዓሊዎቹ ነው ያልኩት። እቁቡ ገና ሲጀመር ስዕሎቹን ገመድ ላይ ሰቅላ ለለቬል ላሳየችው ሴት የሚደርስ ድርሻ በሕጉ ውስጥ አልነበረም። ለነገሩ በየትኛውም ሕግ ውስጥ የለም። መጀመሪያ ላየ ሰው የሚከፈል ኮሚሽን እስካሁን አልተፈለሰፈም።

ፖሊስ ጣቢያ ፊት ለፊት

በ1917 ጋለሪው ወደ ቴቡ ጎዳና ቁጥር 50 ተዛወረ። ጦርነት ላይ ናቸው። በዲሴምበር ሊዮፖልድ ዝቦሮቭስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ገጣሚ፣ ለጓደኛው ለአሜዴኦ ሞዲሊያኒ ኤግዚቢሽን እንድታዘጋጅለት ጠየቃት። ሞዲሊያኒ ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሳንባው ታሟል፤ መጠጥ ያበዛል። ለብቻው ኤግዚቢሽን አሳይቶ አያውቅም።

ቤርት እርቃናቸውን የተጋደሙ ሴቶችን ስዕል መስኮቱ ላይ አደረገች። ችግሩ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ነው። መንገደኛው ተሰበሰበ፤ ሳቁም ጫጫታውም በዛ። መጀመሪያ አንድ ፖሊስ መጥቶ ከመስኮቱ አውርዱ አለ። ከዚያ አለቃው ራሷን አስጠራት። ምን እንዳስቆጣው ስትጠይቀው፣ ነገሩ እርቃንነቱ ብቻ አልነበረም። እርቃን ሴት በድንጋይም በቀለምም ፓሪስ ሞልታለች። ሠዓሊው የሰውነት ጸጉራቸውን መሣሉ ነው ነገር የሆነው። አውርጂ፣ አለዚያ ሁሉንም እናስነሳለን ተባለች። አወረደች።

ከዚያ ኤግዚቢሽን የተሸጡት ሁለት ንድፎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በሠላሳ ፍራንክ። ቤርት ዝቦሮቭስኪን ላለማሳፈር ስትል አምስት ስዕል ራሷ ገዛች። ያ ኤግዚቢሽን ሞዲሊያኒ በሕይወት ሳለ ለብቻው ያሳየበት ብቸኛው ኤግዚቢሽን ሆኖ ቀረ። በጃንዋሪ 1920 በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሞተ። በ2015 ደግሞ በዚያው በ1917 ከሣላቸው እርቃን ስዕሎች አንዱ ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ 170.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዜናውን ያኔ ያነበባችሁ ትኖራላችሁ። የሠላሳ ፍራንኳን ሴት ስም ዜናው ውስጥ ያያችሁ ግን ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ተዘጋ

ጋለሪው በ1920 ወደ ላፊት ጎዳና፣ በ1934 ወደ ሳን ዶሚኒክ ጎዳና ዞረ። ቤርት በሃያዎቹ ዓመታት ትንሽ የራሷን መጽሔት ታሳትም ነበር። በ1933 ትዝታዋን በመጽሐፍ አወጣች። ርእሱ «ፓን! ዳን ሎይ!» ይባላል፤ በኛ «ጓ! ዓይንህ ላይ!» ብንለው ያስኬዳል። የሠላሳ ዓመት የስዕል ንግድ ጓዳ ጎድጓዳን፣ ማን ገንዘብ እንደካዳት፣ ማን እንዳሳቃት፣ ማን ሌላ ነጋዴ ጋር እንደኮበለለ ሳትሸፋፍን ጻፈችው። ትልቁ ቮላር ትዝታውን ያወጣው ከእሷ በኋላ ነው።

በ1940 የጀርመን ጦር ፓሪስን ያዘ። በዚያው ዓመት የቪሺ መንግሥት አይሁዳውያንን ከሥራና ከንብረት የሚያፈናቅሉ ሕጎችን ማውጣት ጀመረ። የጋለሪው በርም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ቤርት ሰባ አምስት ዓመቷ ነበር። ጦርነቱን በሕይወት አለፈችው፤ ግን ገንዘቧ አለቀ፤ ጤናዋም ተናጋ።

በ1946 መጨረሻ ሠዓሊዎችና ነጋዴዎች ተሰብስበው ከ80 በላይ ሥራዎችን በነጻ ሰጡና ለእሷ የሚውል ጨረታ አካሄዱ። የተገኘው ገንዘብ እስክትሞት ድረስ የሚያኖራት ሆነ። በ1948 መንግሥት የክብር ሌጎን ኒሻን ሸለማት። በ1951 በሰማንያ አምስት ዓመቷ ሞተች።

ከዚያ ተረሳች። ሙዚየሞች ሲያድጉ የእነ ቮላርና የእነ ካንዋይለር ስም በግድግዳው ጽሑፍ ላይ አብሮ አደገ። የእሷ በግርጌ ማስታወሻ ቀረ። ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ማሪያን ለ ሞርቫን በ2011 የሕይወት ታሪኳን አሳተመች። የቤርት ትዝታ በ2022 በእንግሊዝኛ ተተረጎመ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ለእሷ ብቻ የተዘጋጀ ትልቅ ኤግዚቢሽን በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ግሬይ ሙዚየም ተከፈተ፤ በ2025 ወደ ሞንትሪያል ሄደ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፓሪስ፣ ኦራንዠሪ ሙዚየም ገባ። እማማ ቬይ ከሞተች ከሰባ አራት ዓመት በኋላ ወደ ከተማዋ በትልቁ በር ተመለሰች።

እኔን ምን አገባኝ?

ስዕል አልችልም። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው የባንክ ካላንደር ነው (ጓደኛዬ ያመጣልኝ)። የተመረቅሁት በጋዜጠኝነት ነው። ከጋዜጠኝነት የተመረቀች ሴት በሃያዎቹ ዕድሜዋ ስለ ፓሪስ ጋለሪ እንቅልፍ የምታጣው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ጽሑፌን ያተመችልኝ አንዲት ትንሽ ጋዜጣ ነበረች። ስሟን እዚህ አልጠራም፤ የሠራባት ያውቃታል። ሁለት ክፍል፣ አንድ ፕሪንተር፣ ከአራቱ እግር አንዱ በመጽሐፍ የተደገፈ ጠረጴዛ። አዘጋጁ ጽሑፌን በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ፣ «ይህን ዓረፍተ ነገር ለማን ነው የጻፍሽው?» እያለ ሦስት ጊዜ መለሰብኝ። በአራተኛው አወጣው። ክፍያው የታክሲ ነበር፤ እሱም አንዳንድ ወር አይመጣም። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ሲንር ጋዜጣዋ ተዘጋች። ያን ቀን ማንም ንግግር አላደረገም። ፕሪንተሩን ለባለቤቱ መለስን፤ ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

እዚያ የጀመሩት ዛሬ የት ናቸው? አንዱ ትልቅ ጣቢያ ላይ ዜና ያቀርባል። አንዷ ኤምባሲ ናት። ሁለቱ ውጭ አገር ናቸው። አንዱ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ጥሩ መጽሐፍ። አዘጋጁስ? አሁን ጎረምሶችን እንግሊዝኛ ያስጠናል።

እኔም በተራዬ አንድ በር ተከፍቶልኛል። የአንድ ድርጅት የኮሚኒኬሽን ሥራ ነው። ደመወዙ የዛሬዬን ሦስት እጥፍ ነው፤ መልሴን የሚጠብቁት በዚህ ወር መጨረሻ ነው። እናቴ ውሳኔ የሚያስፈልገው ነገር መኖሩ ራሱ አልገባትም። «ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ትለኛለች። ትክክል ናት። የቤት ኪራይ በመፈክር አይከፈልም፤ ቤርትም ብትሆን ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ስለዚህ «ድህነት የጥበብ እናት ናት» የምትል ጽሑፍ ከእኔ አትጠብቁ። የቤርት ታሪክ እንዲያ ሲነገር ያናድደኛል። በሰባ አምስት ዓመቷ በሯ ሲዘጋ የፍቅር ታሪክ አልነበረም። ገንዘብ ብታገኝ ትወድ ነበር፤ ነጋዴ ነበረች። ትዝታዋን ያነበበ ሰው ስለ ያልተከፈላት ሒሳብ ስታወራ እንዴት እንደምትንጨረጨር ያያል።

ይሁንና ለጓደኛዬ ጥያቄ ቢያንስ ሁለት መልስ አግኝቻለሁ።

የመጀመሪያው፦ ትርፉ ሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ ስለገባ አልተገኘም ማለት አይደለም። ፒካሶ ከእሷ ሱቅ ወጥቶ ቮላር ጋ፣ ከቮላር ካንዋይለር ጋ ሄደ። ትልቁ በር ሁልጊዜ የሚከፈተው ትንሹን በር ላለፈ ሰው ነው። ካንዋይለር ሥራውን ሳያየው ፒካሶን ያውቅ ነበር ወይ? አያውቅም። አንድ ሰው ቀድሞ በመቶ ፍራንክ መታለል አለበት። የከተማው ትልልቅ ስሞች የሚኖሩት በእንደዚህ ዓይነቱ «መታለል» ላይ ነው። በሁለት ክፍል ጋዜጣ፣ በጋራዥ ቲያትር፣ በሰው ሳሎን በተከፈተ ጋለሪ ላይ። ስለዚህ እነዚህ ቤቶች ሲዘጉ «አልተሳካላቸውም» ማለት የሒሳብ ስህተት ነው። ያላለፉት ፈተና ቢኖር መጋዘን የማግኘት ፈተና ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የእኔ ሙያ ስለሆነ ይበልጥ ይከነክነኛል። ቤርት ቬይ ከተረሳችበት የወጣችው ሀብት ስለነበራት አይደለም። መጋዘን የነበራቸው ሰዎች መጋዘናቸው ይመሰክርላቸዋል፤ ውል አላቸው፣ ደረሰኝ አላቸው፣ በስማቸው የተጠራ ስብስብ አላቸው። እሷ ያላት መጽሔቷ፣ የኤግዚቢሽን ካታሎጎቿና ያ ተንጨርጫሪ መጽሐፍ ነው። ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች የያዙት ይህንን ነው። በ1902 ማን መቼ እንደተሰቀለ የምናውቀው አንዲት ነጋዴ ሴት ወረቀቷን ስላልጣለች ነው። ቁጭ ብላ ስለጻፈችው ነው።

የ1946ቱን ጨረታም ከዚህ ጋር አያይዤ አያለሁ። ሠዓሊዎቹ ያዋጡት ምጽዋት አልነበረም፤ ዕዳ ነበር። ያለፉበትን በር ያስታወሱ ሰዎች የከፈሉት የዘገየ ኮሚሽን። የዘገየው ግን በጣም ነው። እሷ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር።

እኛ እስኪዘገይ መጠበቅ የለብንም። ሲቪያችሁን አውጡና እዩት። ብዙዎቻችን ከትልቁ መሥሪያ ቤት በላይ ያለውን መስመር እያሳጠርን፣ እያሳጠርን፣ በመጨረሻ እናጠፋዋለን። ትንሿ ጋዜጣ ትጠፋለች፤ መጀመሪያ መድረክ የሰጠን ክበብ ይጠፋል። እኔ ለአዲሱ ድርጅት በላክሁት ሲቪ ላይ የመጀመሪያዋ መስመር ያቺ ጋዜጣ ናት። ቃለ መጠይቅ ያደረገችልኝ ሴትዮ «ይህን ሰምቼው አላውቅም» አለች። አሥር ደቂቃ ነገርኳት። ከቃለ መጠይቁ ሁሉ ደስ ያለኝ ክፍል እሱ ነበር።

ሥራውን እቀበለው ይሆናል። እውነቱን ለመናገር የምቀበለው ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። የጋዜጣዋን እትሞች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየሰበሰብኩ ነው። አዘጋጁ ጋ ግማሹ ተገኘ፤ በካርቶን፣ አልጋ ሥር። ከአንድ ጓደኛችን አሥራ አንድ እትም፣ ከአንዲት ሱቅ ደግሞ ስኳር ሊጠቀለልበት ሲል ሦስት አዳንኩ። ማን ምን ጽፎ እንደጀመረ፣ ማን ማንን እንዳረመ፣ ስንት ኮፒ እንደታተመ፣ በስንት እንደተሸጠ አዘጋጁን አስቀምጬ እጠይቀዋለሁ፤ እጽፈዋለሁም።

ዘጠኝ እትም ይጎድለኛል። እዚያ ጋዜጣ ላይ የጻፋችሁ፣ ያነበባችሁ፣ እናታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ መሳቢያ ያነጠፈችበት ካለ፣ እባካችሁ ሳትጥሉት በፊት ደውሉልኝ። መጥቼ እወስዳለሁ። የታክሲው ከእኔ ነው።